ኤልኢዲ ፍሬቻ ገጥሜ አራቱም አብረው ይርገበገባሉ፤ ሬዚስተር ላስገባ ወይስ ፍላሸር ልቀይር?

የገላኑ | ሐምሌ 18፣ ከምሽቱ 3:10

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ዱከም፣ ቤቴ ገላን ነው። በድሮው የደብረ ዘይት መንገድ በሞተር እመላለሳለሁ። ማታ ስመለስ ከአስፋልቱ ወደ ሰፈሬ የምገባው በግራ ታጥፌ ነው። እዚያ ጋ የመንገድ መብራት የለም። ከኋላዬ የሚመጣው ሲኖትራክ ወይም አይሱዙ ነው፤ ከፊት የሚመጣውም እንደዚያው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃው ፋናሉን ይሸፍነዋል። የፍሬቻዬ ብርሃን ድሮም ደብዛዛ ስለነበር፣ ልታጠፍ መሆኔን ከኋላ ያለው ሾፌር እንዲያይልኝ ብዬ አራት ኤልኢዲ ፍሬቻ ገዛሁ።

ሞተሯ 150 ሲሲ የህንድ ናት። መጀመሪያ የኋላዎቹን ሁለቱን ብቻ ቀየርኩ። ብርሃናቸው ግሩም ነው፤ ግን ከልክ በላይ እየፈጠኑ ይርገበገባሉ። የፊቶቹን ስቀይር ደግሞ ጭራሽ ባሰ። ወደ ግራ ስል ግራውም ቀኙም ይርገበገባል፤ ወደ ቀኝ ስልም እንደዚያው። ገመዱን ደጋግሜ አይቻለሁ፣ አልተምታታም። የድሮውን አምፖል ስመልስ ሁሉም ነገር ይስተካከላል።

ሰፈር ያለው ጋራዥ «ሬዚስተር አስገባበት» አለኝ። ሌላ ሰው ደግሞ «ፍላሸሩን (ፍሬቻውን የሚያርገበግበውን ዕቃ) ቀይር፣ ሬዚስተር አትንካ» ይላል። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ምክንያቱን ጭምር አስረዱኝ። አራቱም በሚርገበገብ ፍሬቻ ወደ ግራ መታጠፍ ያስፈራል፤ ሰው «ቆሟል» ብሎ ነው የሚያስበው።

---

ካራ ቆሬ | ሐምሌ 18፣ ከምሽቱ 3:42

ወንድሜ፣ ሬዚስተር አስገባና ተገላገል። 10 ኦም፣ 25 ዋት የሚል ሁለት ፍሬ ትገዛለህ፤ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ። አንዱን ጫፍ ከፍሬቻው ገመድ፣ ሌላውን ጫፍ ከማሳ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ከሚመለሰው መስመር) ጋር ታገናኛለህ። መንገዱ ላይ አቋርጠህ መሃል የምታስገባው አይደለም፤ ከፍሬቻው ጎን ለጎን ነው የሚታሰረው። የእኔ ሞተር ላይ እንደዚህ ነው የተሠራው፣ ፍጥነቱም ተስተካክሏል፣ አራቱ አብሮ መርገብገቡም ቀርቷል። ፍላሸር ፍለጋ መርካቶ መንከራተት አያስፈልግም።

---

ኤሌትሪሲስታ ሰበታ | ሐምሌ 18፣ ከምሽቱ 4:25

የገላኑ፣ እንደምን አመሸህ። ያለብህ ችግር አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ ሰዎቹ የተለያየ መልስ የሰጡህም ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ፍጥነቱ ነው። ሞተርህ ላይ በየጎኑ ሁለት 10 ዋት አምፖሎች ነበሩ። ሁለቱ ተደምረው 20 ዋት ይሆናሉ፤ በ12 ቮልት 1.6 አምፔር ግድም ይስባሉ። ፍላሸሩ የተሠራው ይህን ያህል ጭነት እንዲጠብቅ ነው። አንዱ አምፖል ሲቃጠል ጭነቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ፍላሸሩም ይህን አይቶ ፍጥነቱን ይጨምራል። ሾፌሩ ከክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ካለው የመለኪያ ሰሌዳ) ላይ አይቶ «አምፖል ተቃጥሎብኛል» እንዲል ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። አሁን የገጠምካቸው ኤልኢዲዎች እያንዳንዳቸው አንድ ሁለት ዋት ቢበሉ ነው። ስለዚህ ፍላሸርህ አምፖል የተቃጠለ መስሎት ነው የሚጣደፈው። በድሮዎቹ በብረት ምላስ በሚሠሩት ፍላሸሮች ላይማ ጭራሽ አይርገበገብም፤ ምላሱ የሚሞቀው አምፖሉ በሚስበው ከረንት ስለሆነ፣ ካልሞቀ አይላቀቅም፣ ፍሬቻው በርቶ ይቀራል።

ሁለተኛው አራቱ አብረው መርገብገባቸው ነው። ክሩስኮትህን እየው። የግራና የቀኝ ምልክት ለየብቻ ነው የሚበራው ወይስ ለሁለቱም አንድ መብራት ብቻ ነው ያለህ? አንድ ብቻ ከሆነ ነገሩ ተገኝቷል። ያቺ ትንሽ አምፖል ማሳ የላትም። አንዱ ገመዷ ከግራ፣ ሌላው ከቀኝ ፍሬቻ ጋር ነው የታሰረው። ወደ ግራ ስትል ከረንቱ ከግራው ተነስቶ በእሷ ውስጥ ያልፍና በቀኙ አምፖሎች በኩል ማሳ ያገኛል። የቀኙ አምፖል በዚያች ትንሽ ከረንት አይበራም ነበር፤ ሽቦው ቀዝቃዛ ሳለ መንገድ ብቻ ነው የሚሆነው። ኤልኢዲ ግን በጣም ትንሽ ከረንት ይበቃዋል፤ ስለዚህ ያልጠራኸውም ጎን ይበራል።

ለፍጥነቱ መድኃኒቱ የኤልኢዲ ፍላሸር ነው። ለአራቱ ደግሞ ሁለት ዳዮድ፤ ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ ነው። ለካራ ቆሬው ወንድሜ የምለው አለኝ፤ ነገ እመለሳለሁ።

---

ቡራዩ ጥገና | ሐምሌ 18፣ ከምሽቱ 5:02

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር፦ የድሮው አምፖል ለምን ደበዘዘ የሚለውን ሳታይ አትለፈው። የሽቦ አምፖል ቮልቴጁ በ10 ከመቶ ሲቀንስበት ብርሃኑ በ30 ከመቶ ያህል ይወርዳል። ባትሪው ላይ 12.5 ቮልት እያለ አምፖሉ ጋ 10.5 ብቻ ከደረሰ፣ ካለህ ብርሃን ግማሹን ያህል መንገድ ላይ ጥለኸዋል ማለት ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። የድሮውን አምፖል መልስ። ፍላሸሩን ንቀል፤ የተነቀለበትን ሶኬት ሁለት ቀዳዳ (ከባትሪ የሚመጣውንና ወደ ፍሬቻው የሚሄደውን) በቁራጭ ሽቦ አገናኝ። ቁልፉን ክፈት፣ ወደ ግራ በል። አሁን ፍሬቻው ሳይርገበገብ በርቶ ይቆያል፤ ቴስተሩም ሳይዘል ታነባለህ። ቀዩን ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ አምፖሉ ውስጥ የሚገባው ገመድ ላይ አድርግ፤ ያየኸው ቁጥር በመሄጃው የጠፋብህ ነው። ቀጥለህ አንዱን ጫፍ የአምፖሉ ቤት ማሳ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ። ይህ በመመለሻው የጠፋው ነው። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየህ እዚያ ጋ ዝገት አለ።

በእኛ መንገድ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ማሳው ነው። የኋላ መከላከያው ፕላስቲክ ስለሆነ የፍሬቻው ማሳ በቀጭን ገመድ ነው ወደ ሻንሲው የሚሄደው፤ ጭቃና ውኃ ደግሞ መጀመሪያ የሚያገኘው ያንን ብሎን ነው። ኤልኢዲም ቢሆን መጥፎ ማሳ ላይ ቀን ቀን ደህና መስሎ ዝናብ ሲነካው ይጠፋል።

---

ካራ ቆሬ | ሐምሌ 19፣ ከጠዋቱ 1:15

ጋሼ፣ በአክብሮት ልጠይቅዎ። ሬዚስተሩ ሁለቱንም ችግር በአንዴ ይፈታል። ጭነቱን ስለሚመልስ ፍላሸሩ ይስተካከላል። በተቃራኒው ጎን ያለው ሬዚስተር ደግሞ ለዚያች ለክሩስኮቷ አምፖል ማሳ ይሆናታል፤ ስለዚህ አራቱ አይበሩም። ዳዮድም፣ አዲስ ፍላሸርም አያስፈልግም። ታዲያ ጉዳቱ ምኑ ላይ ነው?

---

ኤሌትሪሲስታ ሰበታ | ሐምሌ 19፣ ከምሽቱ 2:30

ልጄ፣ ያልከው ልክ ነው፤ ይሠራል። አይሠራም አላልኩም። የምቃወመው ስለ ሙቀቱ ነው።

ቁጥሩን እንየው። ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው ላይ 13.8 ቮልት ግድም አለ። 10 ኦም ሬዚስተር ከዚህ ላይ 1.38 አምፔር ይስባል፤ 19 ዋት ማለት ነው። እየበራ እየጠፋ ስለሆነ በአማካይ ግማሹ ይሆናል፤ ግን ይህ ሁሉ ሙቀት ከጣት በማይበልጥ ዕቃ ላይ ነው የሚወጣው። መስቀለኛ ላይ ቀይ መብራት ይዞህ ፍሬቻ እንዳበራህ ትንሽ ብትቆይ እጅ አያስነካም። ላዩ ላይ የተጻፈው 25 ዋት ራሱ ሰፊ ብረት ላይ በብሎን ሲታሰር ነው የሚሠራው። እኔ ዘንድ የሚመጡት ሞተሮች ላይ ግን የማገኘው በናስትሮ ተጠቅልሎ፣ ከሌላው ገመድ ጋር ታስሮ፣ ከኮርቻው ሥር ተወሽቆ ነው። አንዱን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ናስትሮው ቀልጦ ሙጫ ሆኗል፣ አጠገቡ ያለው የፍሬን መብራት ገመድ ልባሱ ተልጦ መዳቡ ወጥቷል። ከዚያ ቀጥሎ የነዳጁ ጋን ነው ያለው።

ሁለተኛ ነገር። ፍላሸሩ የሚፈጥነው አምፖል መቃጠሉን ሊነግርህ ነው ብያለሁ። ሬዚስተር ካስገባህ በኋላ ኤልኢዲው ቢሞት ሬዚስተሩ መሳቡን ስለሚቀጥል ፍላሸሩ ምንም አይልህም። ስለዚህ ለማስጠንቀቂያው ሲባል ሬዚስተር ይሻላል የሚሉ ሰዎች ነገሩን ልብ አላሉትም።

ኤልኢዲ የተገዛው ለብርሃኑም፣ ለባትሪውም እፎይታ ተብሎ ነው። ያተረፍከውን 16 ዋት ያህል መልሰህ ሙቀት አድርገህ ከጣልከው ምን ዋጋ አለው? በትናንሽ ሞተሮች ላይ ዲናሞው በዝግታ ሲዞር የሚያመነጨው ጥቂት ነው። ማታ፣ ትልቁ መብራት በርቶ፣ በአንደኛ ማርሽ በጭቃ ውስጥ ስትንፏቀቅ እያንዳንዱ ዋት ቁም ነገር ነው።

ሬዚስተር የግድ ከሆነ፣ በብሎን ሻንሲ ላይ፣ ከፕላስቲክና ከነዳጅ መስመር ርቆ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይታሰር። ናስትሮ አይጠቅለልበት።

---

ካራ ቆሬ | ሐምሌ 19፣ ከምሽቱ 2:51

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። የእኔ ሻንሲው ላይ በብሎን ነው የታሰረው፤ ግን ገመዱ እንዴት እንደሚያልፍ ነገ ከፍቼ አየዋለሁ።

---

ሲኖ ሾፌር | ሐምሌ 19፣ ከምሽቱ 4:05

እኔ ሞተረኛ አይደለሁም፤ አሸዋና ጠጠር ነው የምጭነው፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ ያለውን መንገድ ሌት ተቀን እሠራበታለሁ። የሾፌሩን ወገን ልንገራችሁ፤ እዚህ የምታወሩት ነገር የሰው ሕይወት ነው።

በዝናብ ጊዜ መስተዋቴ ላይ ጠብታ አለ። እያንዳንዱ ጠብታ የኋላውን መኪና መብራት ይዞ ያበራል። በዚያ መሃል ከጎኔ የመጣ ሞተር ፊት ለፊቱ አንድ ትልቅ ነጭ መብራት ብቻ ነው። ፍሬቻው ከዚያ መብራት ጋር ተጣብቆ ከተገጠመ አላየውም፤ ነጩ ይውጠዋል። የድሮው ፍሬቻ ረጅም እጅ ያለው ለውበት አይደለም። ከመሃሉ መብራት ራቅ ብሎ ሲርገበገብ ግን በጠብታው መሃልም ቢሆን ዓይን ይስበዋል።

ከፊቴ ላለው ሞተር ደግሞ፦ አሁን አሁን የሚገጠሙት ትንንሾቹ፣ ከታርጋው ሥር የሚወሸቁት አሉ። እኔ ከፍ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ሞተሩ ሲጠጋኝ ኮርቻውና የተጫነው ዕቃ ይሸፍናቸዋል። ሰፋ ብለው በጎን ይውጡ።

ሌላም አለ። ታጥፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ፍሬቻ ሳታጠፉ የምትሄዱ ብዙ ናችሁ። ከፊቴ ያለው ሞተር ግራ ፍሬቻ አብርቶ ቀጥ ብሎ ሲነዳ ልቅደም ወይስ ልጠብቅ? ጭነት ይዤ ፍሬን ይዤለት ቆሜ እሱ ዝም ብሎ ይሄዳል። በሌላ ቀን እውነተኛውን ፍሬቻ ሳላምነው እቀራለሁ። ይህ ያስጨንቀኛል።

---

ቡራዩ ጥገና | ሐምሌ 19፣ ከምሽቱ 4:40

ሲኖ ሾፌር፣ ተባረክ። የፊት ፍሬቻዎች እርስ በርሳቸው እንዲራራቁ የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ለሞተር ሳይክል 240 ሚሊ ሜትር ያስቀምጣል፤ የሚርገበገቡበት ፍጥነትም በደቂቃ ከ60 እስከ 120 መሆን አለበት።  ሰዓት ይዛችሁ ቁጠሩት።

ያነሳኸው ያለማጥፋት ነገር ደግሞ ከዚህ ጉዳይ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። የድሮው ፍላሸር «ጧ ጧ» እያለ ያስታውስሃል። የኤልኢዲ ፍላሸር ብዙዎቹ ውስጣቸው ትራንዚስተር ስለሆነ ድምፅ የላቸውም። ስለዚህ ስትገዙ ድምፅ ያለውን ጠይቁ፤ ካልተገኘ የክሩስኮቷ ምልክት በቀን ብርሃን በደንብ መታየቷን አረጋግጡ። መሪ ሲመለስ ራሱን የሚያጠፋ ፍሬቻ እኛ ሞተሮች ላይ የለም።

---

የገላኑ | ሐምሌ 20፣ ከቀኑ 7:30

ጋሼ፣ ክሩስኮቴ ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ቀስት የተሳለበት አረንጓዴ፣ ለግራም ለቀኝም ይበራል። ስለዚህ ያሉት ነው። ፍላሸሩን ነገ ሶማሌ ተራ ሄጄ እገዛለሁ። ምን ብዬ ልጠይቅ? ዳዮዶቹስ የት ነው የሚገቡት? እጄ ላይ ቴስተር፣ ፒንሳና ካውያ አለኝ።

---

ኤሌትሪሲስታ ሰበታ | ሐምሌ 20፣ ከምሽቱ 2:10

ከመሄድህ በፊት የድሮውን ፍላሸር ፈልገህ አግኘው። ፍሬቻውን አብርተህ ድምፁን ተከተል፤ ከጋኑ ሥር፣ ከኮርቻው ሥር ወይም ከፊት መብራቱ ጀርባ ነው። ነቅለህ በኪስህ ያዘው። ባለ ሁለት እግር ነው ወይስ ባለ ሦስት? እግሩ አጠገብ የተጻፈውን ፊደል አንብብ። ቢ የባትሪ ነው፣ ኤል ወደ ፍሬቻው የሚሄደው፣ ኢ ደግሞ ማሳ። ባለ ሁለት እግር ከሆነ ቢና ኤል ብቻ ነው ያለው። ሱቅ ስትደርስ «12 ቮልት፣ የኤልኢዲ፣ ጭነት የማይመርጥ» በል። መሠረቱ እንደ ድሮው ቢሆንም የፊደሎቹ ቦታ ሊገለባበጥ ስለሚችል ሰካ ከማድረግህ በፊት ጎን ለጎን አስተያያቸው። ቦታቸው ከተለያየ የሶኬቱን ገመዶች ቦታ ትቀይራለህ። ባለ ሦስት እግሩን ከወሰድክ ማሳውን ራስህ ጎትተህ ማሰር አለብህ፤ ያለ ማሳ አይሠራም።

ዳዮዱን 1ኤን4007 በል፣ ሁለት ፍሬ። 1 አምፔር ይችላል፤ ለክሩስኮት አምፖል ከበቂ በላይ ነው። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ ሰዎች ዘንድ ሞልቷል። ጥቁር ሆኖ በአንድ ጫፉ ነጭ ቀለበት አለው። ከረንቱ የሚያልፈው ቀለበት ከሌለው ወደ ቀለበቱ ብቻ ነው።

አሁን ሥራው። የክሩስኮቷን አምፖል ሁለቱንም ገመድ ቁረጥ፤ ወደ ግራ ፍሬቻ የሚሄደውንና ወደ ቀኝ የሚሄደውን ለይ። ከግራው ገመድ ጋር የአንዱን ዳዮድ ቀለበት የሌለውን ጫፍ በይድ። ከቀኙ ጋር ሌላውን እንደዚሁ። ቀለበት ያላቸውን ሁለቱን ጫፎች አንድ ላይ አጣምረህ ከአምፖሏ አንድ ገመድ ጋር በይድ። የአምፖሏ ሌላው ገመድ ወደ ማሳ ይሄዳል። በቃ። ከግራ የመጣ ወደ ቀኝ የሚያልፍበት በር ተዘጋ፤ አምፖሏ ግን ከሁለቱም ታገኛለች።

ክሩስኮቷ ራሷ ኤልኢዲ ከሆነች ፖዘቲቩን ከዳዮዱ፣ ኔጌቲቩን ከማሳ። የገመድ ቀለም አትመን፤ የጃፓኑና የህንዱ ይለያያል፣ ያገለገለ ሞተር ከሆነ ደግሞ ስንት እጅ እንደነካው አይታወቅም። ለምሳሌ ሆንዳ ላይ ብርቱካናማው የግራ፣ ሰማያዊው የቀኝ፣ አረንጓዴው ማሳ ነው፤ ያማሃ ላይ ግን ማሳው ጥቁር ነው። ያንተን በቴስተር ለይ።

ከመጀመርህ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ። አደራ።

---

ሰሚት ዴሊቨሪ | ሐምሌ 20፣ ከምሽቱ 3:00

ጋሼ፣ እኔም ልጠይቅ። ሴት ሞተረኛ ነኝ፣ ከአያት እስከ ለገጣፎ ዕቃ አደርሳለሁ። የእኔ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፣ ባለ 72 ቮልት። አንዱ ፍሬቻ ውኃ ገብቶበት ሞቷል። ለቤንዚን ሞተር የሚሸጠው ኤልኢዲ ይሆነኛል? አንድ ሱቅ «ዝም ብለሽ ግጠሚው» አለኝ፤ እኔ ግን ፈራሁ።

---

ቡራዩ ጥገና | ሐምሌ 20፣ ከምሽቱ 3:25

እህቴ፣ መፍራትሽ ልክ ነው። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ላይ ከትልቁ ባትሪ 72 ቮልቱን ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር አለ፤ መብራቱም፣ ጡሩንባውም፣ ፍሬቻውም ከእሱ ነው የሚያገኙት። እንደዚያ ከሆነ የ12 ቮልቱ ኤልኢዲ ይሆንሻል። አንዳንዶቹ ላይ ግን ፍላሸሩና መብራቶቹ በቀጥታ በትልቁ ቮልት እንዲሠሩ ተደርገዋል። እዚያ ላይ ባለ 12 ቮልት ፍሬቻ ከገጠምሽ ወዲያው ይቃጠላል።

ስለዚህ አትገምቺ፣ አስለኪ። ሌላኛው ጎን ሲርገበገብ አምፖሉ ጋ የሚደርሰውን ቮልት ቴስተር ያለው ሰው ይይልሽ። ቴስተሩ መጀመሪያ 200 ቮልት ላይ ይሁን። ፍላሸሩ ላይም የተጻፈ ቁጥር አለ፤ አንብቢው። የትልቁን ባትሪ ሶኬት ግን አንቺም አትንኪው፣ ሌላ ሰውም ባዶ እጁን እንዳይገባ። 72 ቮልት እርጥብ እጅ ላይ ቀልድ አይደለም።

---

የለቡው | ሐምሌ 21፣ ከጠዋቱ 3:20

እኔ ሙሉውን ፍሬቻ ሳልቀይር አምፖሉን ብቻ በኤልኢዲ አምፖል ለመተካት አስቤያለሁ። የፍሬቻዬ መስታወት ብርቱካናማ ነው። ነጭ ኤልኢዲ ብገዛ መስታወቱ ብርቱካናማ ያደርገዋል አይደል? ነጩ የበለጠ ያበራል አሉኝ።

---

ቡራዩ ጥገና | ሐምሌ 21፣ ከጠዋቱ 4:05

አይሆንም ወንድሜ፤ ብርቱካናማውን ግዛ። የሽቦ አምፖል ብርሃን ውስጥ ብርቱካናማና ቀይ ሞልቷል፤ መስታወቱ ሌላውን ያስቀርና ያንን ያሳልፋል። ነጭ ኤልኢዲ ግን መነሻው ሰማያዊ ነው፤ ብርቱካናማው ክፍል ትንሽ ነው። መስታወቱ አብዛኛውን ይውጠዋል፤ የሚወጣው የገረጣ ቢጫ ይሆናል። ብርቱካናማ ኤልኢዲ በብርቱካናማ መስታወት ሲሆን ያለው በሙሉ ማለት ይቻላል ያልፋል። ሱቅ ውስጥ ነጩ በጣም ያበራል፤ ቤት ስትገጥመው ነው የምታዝነው።

የአምፖሉን ጆሮዎችም እይ። ለብርቱካናማ መስታወት የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ጆሮዎች ፊት ለፊት የተቀመጡበት ነው። አንዱ ጆሮ ወደ ጎን ፈቀቅ ያለበት ብርቱካናማ አምፖል ለነጭ መስታወት ነው፤ አይገባልህም፤ አስገድደህ ብታስገባው ቤቱን ትሰብረዋለህ።

ሌላው ነገር የፍሬቻው ቤት የተሠራው ብርሃን ከመሃል ነጥብ ወደ ዙሪያው ሲረጭ እንዲያንጸባርቅ ነው። ጫፉ ላይ ብቻ ዓይን ያለው ኤልኢዲ አምፖል ከገዛህ ቀጥታ ከኋላው ለቆመ ሰው ያበራል፤ ከጎን ለሚመጣ ግን ጨለማ ነው። ጎን ጎኑ ላይ ዓይኖች ያሉትን ምረጥ።

---

የገላኑ | ሐምሌ 25፣ ከምሽቱ 2:45

ወገኖቼ፣ ሥራው አልቋል። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ጋሼን በተለይ።

ኤልኢዲውን ከመመለሴ በፊት የቡራዩው ወንድሜ ያለውን አደረግኩ። ፍላሸሩን ነቅዬ ሶኬቱን በሽቦ አገናኝቼ ለካሁ። በመሄጃው የጠፋው ትንሽ ነው። በመመለሻው ግን የኋላ ቀኙ ላይ ከአንድ ቮልት በላይ ጠፍቷል። ማሳው የታሰረበትን ብሎን ስፈታ ሮንዴላው ሥር አረንጓዴ ዱቄት ሞልቶ ነበር፤ የገመዱ ቀለበት ከብሎኑ ጋር ተጣብቆ ነው የወጣው። በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያንጸባርቅ ፍቄ፣ አዲስ ቀለበት በይጄ፣ ላዩን ግሪስ ቀባሁት። አሁን የኤልኢዲዎቹ ማሳም እዚያው ላይ ነው።

ፍላሸሩ ባለ ሁለት እግር ነው ያገኘሁት፣ የሚጮኽ። ፊደሎቹ ከድሮው ጋር ተገለባብጠው ነበር፤ ባይነግሩኝ ኖሮ አላይም። ዳዮዶቹን ክሩስኮቱ ሥር በይጄ በላስቲክ ቱቦ ሸፈንኳቸው። ግራ ስል ግራ ብቻ፣ ቀኝ ስል ቀኝ ብቻ። በሰዓት ስቆጥር በደቂቃ 84 መጣ።

የአዲሱ ፍሬቻ ብሎን ከድሮው ቀዳዳ ስለቀጠነ ሰፊ ሮንዴላ በሁለቱም በኩል አስገባሁ። የፊቶቹን ወደ መሃል አላስጠጋሁም፤ በድሮው ርቀት ነው ያስቀመጥኳቸው፣ ሲኖ ሾፌር ያሉትን አስቤ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ ፍሬቻዎቹ ላይ የገመዱ መውጫ ክፍት ነው። ነሐሴ እየመጣ ነው። በሲሊኮን ልድፈነው?

---

ኤሌትሪሲስታ ሰበታ | ሐምሌ 25፣ ከምሽቱ 3:30

እሰይ! ጎሽ የኔ ልጅ።

የገመዱን መውጫ በሲሊኮን ድፈነው፤ ግን ዙሪያውን በሙሉ አትድፈን። መስታወቱ ከቤቱ ጋር የሚገናኝበትን ከላይና ከጎን ብቻ። ከታች በኩል ቀጭን ቀዳዳ ይቅርለት። ቀን ሲሞቅ ማታ ሲቀዘቅዝ ውስጡ እርጥበት ይፈጠራል፤ መውጫ ካጣ እዚያው ተኝቶ እግሮቹን ይበላቸዋል። ገመዱን ደግሞ ወደ ፍሬቻው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዘንበል አድርገህ አዙረው፤ ውኃው በገመዱ ላይ እየተንሸራተተ ከታች ይንጠባጠብ እንጂ ወደ ውስጥ አይግባ።

የፊቶቹ ገመድ መሪው አንገት ጋ እንዳይወጠር። መሪውን እስከ ጫፍ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙረህ ጎትት፤ ልቅ መሆን አለበት። የተበየደው ቦታ እንቅስቃሴ የሚያገኘው ጋ አይሁን፤ እዚያ ጋ ወንድና ሴት ተርሚናል ይሻላል።

በዚያው ሞተሩን አስነስተህ ነዳጅ እየሰጠህ ባትሪው ላይ ለካ። ከ13.5 እስከ 14.5 ከሆነ ደህና ነው። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ (ቮልቱን የሚቆጣጠረው ዕቃ) ታሟል፤ የሽቦ አምፖሉም ኤልኢዲውም ዕድሜው ያጥራል።

---

ሰሚት ዴሊቨሪ | ሐምሌ 26፣ ከቀኑ 6:15

ቡራዩ ጥገና፣ አስለካሁት። 12.3 ነው የሚመጣው፣ ከኮንቨርተሩ። ፍላሸሩ ላይም 12 ቮልት ይላል። ኤልኢዲ ልግዛ ማለት ነው?

---

ቡራዩ ጥገና | ሐምሌ 26፣ ከቀኑ 6:40

ግዢ እህቴ። የሞተብሽ ከፋብሪካው ኤልኢዲ ከነበረ ፍላሸሩን አትንኪው፣ ፍሬቻውን ብቻ ቀይሪ። ጥቁሩ ገመድ ማሳ መሆኑን አስለይተሽ ብቻ ግጠሚ፤ ኤልኢዲ ተገልብጦ ከታሰረ አይበራም።

---

ሰሚት ዴሊቨሪ | ሐምሌ 27፣ ከምሽቱ 1:50

ተገጠመ፣ ይሠራል። ሁለቱንም የኋላዎች ነው የቀየርኩት፣ አንዱ ደምቆ አንዱ እንዳይደበዝዝ ብዬ።